ሩጫው ለቅሶ ላይ ሲደርስ

እኔ በሳቄ በቀልዴ ነው የምታወቀው። ይሄን ሩጫ ሲያነሱብኝ ግን እስከ ዛሬ አንጀቴ ይቃጠላል።

ያኔ የልጄ ልጅ ሶዶ ከተማ እኔ ዘንድ ሆና ነበር የምትማረው። ሩጫ ጀመረች፤ ሩጫውም እንደ ሰው ሩጫ አይደለም። ካርታና ኮምፓስ ይሰጧቸዋል፣ እነሱ ጫካ ለጫካ የተሰቀለ ጨርቅ እየፈለጉ ይሮጣሉ። "የዳሞታ ተራራ ከደጄ ላይ ተገትሮ ይታያል፤ እሱን ለማግኘት ነው ወረቀት የያዝሽው?" እያልኩ አበሽቃታለሁ። ትስቃለች።

ኋላ ግን ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ። በዚያ ዓመት ውጭ አገር፣ ካንዱ አገር ወደ ሌላው እየተዞረ የሚሮጥ ውድድር አለ ተባለ። ዳሞታ ላይ ሮጠው ቀድመው የሚገቡ ሦስት ሴቶች ሊሄዱ ነው። ልጅቷን ምግብም እንቅልፍም ተዋት።

የሩጫው ዕለት ከተራራው ሥር አንድ ጎረቤት ሞቶ ለቅሶ ላይ ነኝ። ዱቡሻው ላይ፣ መንደሩ በሚሰበሰብበት ሜዳ፣ ተቀምጠናል። አንዱን ጨርቅ ከኛ ጀርባ እንሰቱ ውስጥ ሰቅለውታል። ሽማግሌዎቹ ለቅሶ አለብን፣ አንሡልን ብለው ልከው ነበር። ሩጫውን ያዘጋጀው አሠልጣኟ "ካርታው ታትሟል" ብሎ መለሳቸው።

የመጀመሪያዋ ሯጭ የሟቹን ሚስት ነጠላ ረግጣ በመሐላችን አለፈች። ሁለተኛዋ የኔዋ ናት። ድንኳኑን ስታይ ቀጥ አለች፣ አንገቷን ደፍታ መጥታ ተቀመጠች። በኛ ወግ ለቅሶ የደረሰ ሰው ሽማግሌ "ይብቃህ" ሳይለው አይነሣም። ሽማግሌው ደግሞ የሟቹን ደግነት መናገር ጀምረዋል፤ ገና ያረባቸው ኮርማዎች ላይ ናቸው። ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ በዓይኔ ጠቀስኳቸው፣ ወይ ፍንክች። ሦስት ሯጮች ባጠገቧ አለፉ። እሷ ካርታዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች።

ሴት በማትናገርበት ተናገርኩ። "ተነሺ፣ ሩጪ" አልኳት።

አንዷን ደርሳ ቀደመቻት፤ አራተኛ ገባች።

አሠልጣኙ ዘንድ ሄድኩ። እሱም እዚሁ የተወለደ ነው፣ ወጉን ከኔ እኩል ያውቃል። ለሷ ሲል አንድ ነገር ያደርጋል ብዬ።

"እማማ፣ ማን ተቀመጪ አላት?" አለኝ።

"ያሳደጋት ወግ" አልኩት።

ሳቀብኝ። ለቅሶ አቋርጠው ያለፉት ሦስቱ የአገር ባንዲራ ያለበት ቱታ ለብሰው አውሮፕላን ተሳፈሩ። የኔዋ ጫማዋን አጥባ ለታናሿ ሰጠች። ሁለተኛ አልሮጠችም።

ሞት የማን ቤት ይቀራል፣ ከዓመታት በኋላ የአሠልጣኙ እናት ሞቱ። ልጅቷን ይዤ ሄድኩ፤ ለቅሶ አይቀርም። ብዙ ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ ይብቃችሁ አሉን፣ ልጅቷ ተነሣች፣ እኔ እንቢ። በመጨረሻ ራሱ መጥቶ ክንዴን ያዘ።

"እማማ፣ ይብቃዎት፣ ይነሡ። ሌላ ሰው እየመጣ ነው።"

ቀና ብዬ አየሁት።

"አይሆንም ልጄ" አልኩት፤ "ካርታው ታትሟል።"