ብስክሌቱ ያማረ ዕለት

«አምሮበታል» ሲባል ስሰማ ዛሬም ቆሽቴ ያርራል። ሰዎቹ የሚያወሩት ስለ ሙሽራ ወይም ስለ ሸሚዝ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን የሚታየኝ የአባቴ ብስክሌት ነው።

አባቴ በጉልምስናው ወደ ባቡር ጣቢያው ወርክሾፕ የሚመላለሰው በዚያ ብስክሌት ነበር። ጥቁር ነው፤ ፓራፋንጎው ፊት ያሳያል። እናቴ ከቀፊራ ገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ አግኝታው የሽንኩርት ፌስታሏን መሪው ላይ ልታንጠለጥል ከሞከረች «ይሄ አህያ አይደለም» ይላታል። ከዚያ እሷ ሽንኩርቷን ተሸክማ፣ እሱ ብስክሌቱን እየገፋ ጎን ለጎን ወደ ቤት ይመጣሉ። ልጅ ሆኜም ይሄ ያናድደኝ ነበር።

ጉልበቶቹ ሲከዱት ጠርቶ «መቀመጫ አሠራበትና ውሰደኝ» ያለኝ እንግዲህ ያው ሰው ነው። ቤታችን ከዚራ ሰፈር ነው። የዕድሜ ልክ ጓደኞቹ ደግሞ ከወንዙ ማዶ፣ መጋላ ውስጥ፣ አንድ ሱማሌ ወዳጃቸው ጨርቅ የሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ ነው ከሰዓት በኋላ የሚሰባሰቡት። ባጃጅ እስከ ዋናው መንገድ ያደርሳል እንጂ ሱቁ ያለበት ቅያስ ውስጥ አይገባም። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው፤ የአባቴ እግር ደግሞ ከበራችን አያልፍም ነበር።

ብስክሌቱን በያጅ ጋ ወሰድኩት። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ የተሰበረ የትምህርት ቤት ወንበር መደገፊያ አስበየድን። ለእግሩ ማሳረፊያ የአልጋ ብረት፣ እንዳይወድቅ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ቀበቶ፣ ለድሬ ፀሐይ ደግሞ ጃንጥላ የሚሰካበት የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ጨመርንበት። አስቀያሚ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ከምሠራበት ፋብሪካ ስመለስ አባቴን አስቀምጬ፣ ቀበቶውን አስሬ፣ ጃንጥላውን ዘርግቼ እየገፋሁ መጋላ አደርሰዋለሁ።

ቅያሱ ውስጥ ስንገባ ፌዙ ይጀመራል። «ዋሪያ፣ ሄሊኮፕተሩ አረፈ» ይላል ጨርቅ ሻጩ። አባቴም «ነዳጅ አምጡለታ» ይላል፤ ነዳጅ የሚለው ጫቱን ነው። ሁሌም ያው ቀልድ ነበር፣ ሁሌም ይስቁበታል።

እህቴ ለእረፍት ከአዲስ አበባ የመጣች ለት፣ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ዓይኗ ብስክሌቱ ላይ ዐረፈ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የአባባ መሄጃ ነው» አልኳት።

«አባቴን እንደ ሽንኩርት ጆንያ ጭነህ ነው ከተማውን የምታዞረው? ሰው ምን ይላል?»

ድምጿን አልቀነሰችም። አባቴ እዚያው በረንዳው ላይ ተቀምጧል።

«ሰውማ ስቆ ጫት ያቀብለዋል» አልኳት።

«ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል።»

«እንግዲያው አትብዪው» ብያት ገባሁ። ክርክሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ስመለስ በራችን ላይ ጎረቤት ተሰብስቧል። መሐላቸው ብስክሌቱ ቆሟል፤ ተወልውሎ ያበራል። ከግራ ከቀኝ መስታወት፣ አዲስ ደወል፣ ከፊት መብራት፣ ኮርቻው ላይ ዘርፍ ያለው ቀይ ልብስ፣ መሪው ላይ የላስቲክ አበባ። መቀመጫው የለም። እህቴ ከሥሩ አስቆርጣ ብረቱን ለቆራሌው ሰጥታዋለች። አባቴን ኮት አልብሳ ከብስክሌቱ አጠገብ አቁማው በስልኳ ፎቶ ታነሳለች። እሱ ፈገግ ብሏል፤ ሁለት እጁ ግን መሪውን አንቆ ይዟል፤ ከለቀቀ ይወድቃላ።

«ወደ ድሮው መለስኩለት» አለችኝ። «አምሮበታል፣ አይደል?»

ደሜ ፈላ። አባቴን ደግፌ አስቀመጥኩትና ዞርኩባት። «መብራቱ ለማን ነው? ማን ሊነዳው ነው? በመስታወቱ ማን ኋላውን ሊያይ ነው?» ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ ጮህኩባት። አበባውን ነቅዬ ወረወርኩት። «ባጃጅ አለ አይደል?» አለች። የመጋላን ቅያስ እዚሁ ድሬ ያደገች ልጅ እንዴት እንደምትረሳው እስከ ዛሬ አይገባኝም።

አለቀሰች። ልጅ ሳለች በሰፈራችን ከምታየው ሁሉ የሚያምረው አባቷ በዚያ ብስክሌት ሲመጣ እንደነበር ነገረችኝ። ያንን አንድ ጊዜ ልታየው ፈልጋ ነው። ገባኝ፤ ስለገባኝም ይበልጥ ተናደድኩ። ክፋት ቢሆን ኖሮ ረግሜያት ይወጣልኝ ነበር። እሷ ግን በፍቅር ነው ያደረገችው፤ የሚሄድበትን አጥፍታ የምታየውን አሳመረች። ለማየት ደግሞ ሳምንት እንኳ አልቆየችም፤ ተመልሳ ሄደች።

እሷ እንደሄደች መቀመጫውን እንደገና አሠራሁ። ከመጀመሪያው የተሻለ ነው፤ መደገፊያው ስፖንጅ አለው። በረንዳው ሥር አቁሜ «አባባ፣ ተነሳ እንሂድ» አልኩት።

አየት አደረገው። «ተወው አቦ» አለኝ።

«ምነው፣ አመመህ?»

«ሰው ያያል።»

«መጋላ በሙሉ ሲያይህ አልነበር እንዴ?»

«ያኔ እንደዚያ እንደምመስል አላወቅኩም ነበር» አለና ፊቱን አዞረ።

ለመንኩት፤ ተቆጣሁት፤ እንደገና ለመንኩት። መቀመጫው ከብረት ነው፣ ይበየዳል። እህቴ ከአባቴ ውስጥ የቆረጠችው ነገር ግን በያጅ የለውም። አሁን ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ኮቱን ለብሶ ይቀመጣል። የሚያልፍ ሁሉ «አባባ፣ አምሮብሃል» ይለዋል። ምናለ ዝም ብለው ቢያልፉ።

ሰሞኑን መጋላ ብቻዬን ሄጄ ነበር። ጨርቅ ሻጩ እንደ ልማዱ «አባትህስ?» አለኝ፤ እኔም እንደ ልማዴ «ትንሽ አሞታል» አልኩ። ደጋግሜ ዋሽቼዋለሁ፤ «ልንጠይቀው እንምጣ» ሲለኝም ሰበብ እየፈጠርኩ አስቀርቼዋለሁ። በዚያ ቀን ግን መቁረጫ መቀሱን አስቀምጦ ከሱቁ ወጣና ክንዴን ያዘኝ።

«ወላሂ እውነቱን ንገረኝ። ሰውየውን ምን በደልነው?»

«ኧረ ምንም አልበደላችሁትም» አልኩት።

አላመነኝም። ከኋላው ሌሎቹ ሽማግሌዎች ጨዋታቸውን አቁመው ያዩኛል።

«ተመካክረናል» አለኝ። «እኛ ብዙ አብረን ኖረናል፤ ቅያሜ አያምርብንም። አጥፍተን ከሆነ ሽማግሌ እንልክና ይቅርታ እንጠይቀዋለን። የትኛው ቀን ይሻለዋል?»