ፀሐይ ላይ ያሰጣነው ባትሪ ድንጋይ

የእህቴ ልጅ አዲስ የሚወጣ የስልክ ጌም እየጠበቀ ሳሎኑን ይዞራል። «መቼ ነው የሚለቁት?» ይላል፤ አይቀመጥም። እሱን ሳይ ያደግኩባት የመቱ ከተማ ክረምት ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። አጎታችን ከሞስኮ ሲመለስ፣ ትንሽ መስተዋቱ ላይ ዓሣ የሚጠመድበት የእጅ መጫወቻ አመጣልን። ባትሪ ድንጋዩ ወዲያው አለቀ፤ በየሱቁ ብንጠይቅ የለም። የቀረን የጎረቤታችን የእትዬ ብርቄ ራዲዮ ድንጋይ ብቻ ነበር። ልጃቸው ሰሜን ጦር ግንባር ነው። ድንጋዩ ሲደክም ጉልበት እንዲያገኝ ፀሐይ ላይ እናሰጣለን፤ ዝናቡ ሲመጣ አንስተን እንሮጣለን።

«መጀመሪያ ዜናው፤ ከተረፈ ለእናንተ» ይሉናል። መስኮታቸው ሥር ቆመን እንቁነጠነጣለን፤ ዜናው የሚያልቅ አይመስለንም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ልጃቸው ያለበት ከተማ ስም በውጊያው ዜና ላይ ተጠራ። ዜናው ሳያልቅ ራዲዮው ቀጭ ብሎ ተዘጋ። እትዬ ብርቄ በሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ኮታ ልጆች፣» አሉ በኦሮምኛ ሲጠሩን፤ «ኑ ውሰዱ። ተጫወቱበት» ብለው ድንጋዮቹን እጃችን ላይ አስቀመጡልን። ገና ሙቅ ነበሩ። እኛም ደስ ብሎን ድንጋዩ እስኪሞት ተጫወትን።

የእህቴ ልጅ ጌሙ ወጣለትና ጸጥ ብሎ ተቀመጠ። እኔ ግን ዛሬም ዜና ሳያልቅ ራዲዮ ሲዘጋ መቀመጥ ያቅተኛል።