ባለ ሁለት አንገቱ እጀ ጠባብ

ቡታጅራ ውስጥ፣ የጃንሆይ ፎቶ በተሰቀለበት ትኬት ቤት ደጃፍ አንዲት ነፍሰ ጡር የአዲስ አበባን አውቶብስ ትጠብቃለች። ሻሿን ዘመም አድርጋ አስራ፣ የሠርግ ዜማ እያንጎራጎረች፣ ጉልበቷን በሸፈነው ሆዷ ላይ አቡጀዴ ዘርግታ የሕፃን እጀ ጠባብ ትሰፋለች፤ አንድ ደረት፣ ሁለት አንገት።

«ሳይወለድ ልብስ አይሰፋም» አሏት አጠገቧ የተቀመጡ አሮጊት።

«መንትዮች ናቸው እማማ፤ ደረታቸው ተጣብቋል። በዘጠነኛ ወሬ፣ ትናንት ገና በራጅ ታዩ። ለካ ይሄን ሁሉ ጊዜ ተቃቅፈው እኔን ሲያሙ ነው የከረሙት።»

«አላህ ያውጣሽ። ሐኪሙስ ምን አለ?»

«አዲስ አበባ ሆድሽ ተቀዶ ይወጣሉ፤ መትረፋቸውን ግን እንጃ አለኝ።» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ልብስ ተሰፍቶላቸውማ ጥለውኝ አይሄዱም፤ ያፍራሉ።»

አሮጊቷ እጀ ጠባቡን ተቀበሏትና በአንደኛው አንገት ጡጫቸውን አሾልከው ለኩት።

«ይሄኛው ጠቧል። ጭንቅላቱ በአባቱ ወጥቶ ትልቅ ከሆነ አይገባለትም። መርፌውን አምጪ።»