ያልሰማሁት ኑዛዜ

አባቴ ሲሞት ሁለት ነገር አወረሰኝ፤ የእጅ መስቀሉንና የነፍስ ልጆቹን። መስቀሉ አንድ ክንዱ የተሰበረ ነው። የነፍስ ልጆቹ ግን ከቡሬ ወደ ቆላው ሲወረድ ባለው መንደር በየቤቱ ነበሩ። ቤታቸውን ጠበል የምረጭ፣ ኃጢአታቸውን የምሰማ፣ ሲሞቱም ፍትሐት የማደርስላቸው እኔ ሆንሁ። ከሁሉም አንዲት ባልቴት ይበልጡብኝ ነበር። በዕድሜ እናቴን ያህላሉ፤ በክህነት ግን ልጄ ናቸው። ደጃቸው ስደርስ ነጠላቸውን አጣፍተው “አባ፣ ይፍቱኝ” ሲሉኝ፣ ገና ጢሜ በቅጡ ያልበቀለው ቄስ ትልቅ ሰው የሆንሁ ይመስለኝ ነበር።

ይህ በጃንሆይ ጊዜ፣ በሃምሳዎቹ ዓመታት ነው። በዚያ ሰሞን ከደጋው አገር፣ ከፈረስ ቤት በኩል አንድ ቄስ መጥቶ በደብራችን አገልጋይ ሆኖ ገባ። ደገኛው እንለው ጀመር። ረጅም፣ ጠይም፣ ጥርሱ በረዶ። መልኩንስ ይቅር ብዬው ነበር፤ ድምፁን ግን አልቻልሁትም። እሱ ሲቀድስ ደጅ የቆሙት ሕፃን ያዘሉ ሴቶች ሳይቀሩ ጸጥ ይላሉ። ተራው የእኔ የሆነ ሰንበት ግን ሳሉ አይጣል ነው።

ቀናሁ። ሌላ ስም የለውም። ቅንዓት አጥንት ያነቅዛል እያልሁ ሰው የማስተምረው እኔ፣ የገዛ አጥንቴ ሲነቅዝ ይሰማኝ ነበር። ተልባ ጉሮሮ ያለሰልሳል ሲሉ ሰምቼ ማታ ማታ ተልባ መጠጣት ያዝሁ። ዜማውንም ከእሱ ላለማነስ አስረዝም ጀመር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ተቀምጠን፣ ባለተራዎቹ ያመጡት ዳቦና ጠላ ሲቀርብ፣ አንድ ሽማግሌ “አባ፣ ዛሬስ ጠላው ሊሆመጥጥብን ነበር” አሉኝ። ቤቱ ሙሉ ሳቀ። ደገኛው ብቻ አልሳቀም፤ አንገቱን ደፍቶ ዳቦውን ቆረሰ። ከሳቁት ይልቅ አለመሳቁ አናደደኝ።

ከፋሲካ በኋላ ሁለት ሽማግሎች ቤቴ መጡ። በአገራችን የነፍስ አባት እንዲሁ እንደ ሸማ አይለወጥም። ወደ ሌላ ካህን መሄድ የሚሻ ሰው መጀመሪያ የነበረው ካህን መስቀሉን አሳልሞ “ይፍታህ፣ ሂድ” ሊለው ይገባል፤ ሳይሰናበት የመጣን ሌላው አይቀበለውም። ሽማግሎቹ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ፍኖተ ሰላም የበሬ ገበያ አወሩ። ልቤ ግን ቀድሞ አውቆታል።

“አባታችን፣ አንዲት ልጅዎ ያሰናብቱኝ ይላሉ” አለ ትልቁ።

“ማን ናቸው?”

የባልቴቲቱን ስም ጠራ። ወደ ማን ብዬ ስጠይቅ የከዘራውን ጫፍ አየ። “ወደ ደገኛው” አለ።

“አላሰናብትም” አልሁ። በደረቁ ሸኘኋቸው፤ ሚስቴ የቀዳችው ጠላ እንኳ ሳይቀመስ ቀረ።

ክረምቱን ሙሉ እንቢ እንዳልሁ ከረምሁ። ሰው የእግዚአብሔር ነው ብዬ እሰብካለሁ፤ እሳቸውን ሳስብ ግን የእኔ ናቸው ነበር የምለው። የአባቴ፣ ከአባቴም ቀጥሎ የእኔ። በፍልሰታ ጾም አገሩ ሁሉ ሲቆርብ፣ ባልቴቲቱ ኑዛዜ የሚሰማቸው አጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ቆመው ቀሩ። ከመቅደስ ሆኜ አየኋቸው። ለአንድ ሰው ድምፅ ብለው ቁርባን ከቀረባቸው እንግዲህ ምን ላድርግ ብዬ ፊቴን አዞርሁ።

በመስቀል ሰሞን ታመሙ ሲባል ሄድሁ። መደብ ላይ ተኝተዋል። መስቀሌን ተሳለሙ። ልጆቻቸውን አስወጥቼ፣ የከረመውን ነገር አወጣሁት።

“ከእኔ ምን አጡ? ድምፁ ነው? ድምፅ ነፍስ አያድንም።”

“እ?” አሉ፤ ጆሯቸውን ወደ እኔ አስጠጉ። ጮክ ብዬ ደገምሁት።

“ድምፁ መልካም ነው ይላሉ” አሉኝ። “እኔ ጆሮዬ ከደከመ ቆየ፣ አባ። የእርስዎን ከእሳቸው ለይቼም አልሰማው።”

ያን ሁሉ ተልባ በከንቱ ጠጥቻለሁ። “ታዲያ ምንድን ነው?” አልሁ።

“ቂም የያዝሁበት ሰው አለ” አሉ። “ቂም ይዤ መቁረብ ፈራሁ። ለእርስዎ እንዳልናዘዘው ደግሞ፣ ሰውየው እርስዎ ነዎት።”

“ምን በድዬዎት? ይንገሩኝና እግርዎ ላይ ወድቄ ልካስ።”

“ለእርስዎ ከነገርሁማ ኑዛዜ መሆኑ ቀርቶ ጠብ ይሆናል። ጥፋቱ የእኔም እንደሆነ አላውቅም። መጀመሪያ ሌላ ሰው ይስማኝ፣ አባ። ይፍቱኝ።”

ያንን ክንደ ሰባራ መስቀል አነሣሁ። “እግዜር ይፍታዎ፤ ይሂዱ” አልሁ፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ጥርሴ የሚነቀል ይመስለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደገኛው ተጠርቶ መጣ። በሩ ተዘጋ። እኔ ደጅ ከዋንዛው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ፤ መሄድ ነበረብኝ፣ እግሬ እንቢ አለኝ። ቅዳሴ ላይ ከወንዝ ማዶ የሚሰማው ድምፅ ያን ቀን ዝቅ አለ። አንድ ቃል አልያዝሁም። ሲወጣ ዓይኔን አላየኝም፤ መስቀሌን ተሳልሞ ቁልቁል ሄደ።

ባልቴቲቱ በሳምንቱ ቆረቡ። ሲቆርቡ ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ በእኔ እጅ አይቼው አላውቅም። ዓመት ሳይሞላ አረፉ፤ ፍትሐቱን ደገኛው አደረሰ፣ እኔ ከጎኑ ቆምሁ።

ዛሬ እሱም ሸብቷል። ድምፁም ሄዷል፤ ሰው አሁን በእሱም ተራ ያስላል። በድምፁ መቅናቱን ትቻለሁ። የማልተወው ሌላውን ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ በዚያች ቤት ስለ እኔ የተባለውን የእሱ ጆሮ ይዞታል፣ የእኔ አልያዘውም። ልጠይቀው አልችልም፤ ቢጠየቅም አይነግረኝም፣ ቢነግረኝ ካህን አይደለም። እሑድ እሑድ ሰንበቴ ቤት ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ከዚያ ቀን ወዲህ ዳቦ ሲቆርስ ትልቁን ጉማጅ ለእኔ ይሰጠኛል። እቀበለዋለሁ፤ ምን ሰምቶ እንዲህ እንዳዘነልኝ እያሰብሁ እበላዋለሁ።