እትዬ ሻንጣ ወደ ዘፋኞቹ ደሴት

አክስቴን በሥራ ቦታዋ የሚያውቃት ሰው ሁሉ «እትዬ ሻንጣ» ነበር የሚላት። ስሙ የወጣላት መንገደኛው ሻንጣውን ይዞ ወደ ቢሮዋ ሲገባ፣ መያዣውን በአንድ እጇ ብድግ አድርጋ «አሥራ ስምንት ኪሎ ነው፤ ሦስቱን ቀንስ» ስለምትል ነው። ሻንጣው ሚዛን ላይ ሲወጣ ከግማሽ ኪሎ በላይ ስትሳሳት ያየ የለም።

ቢሮዋ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጎን ነበረች። ሁለት ጠረጴዛና ሲዞር የሚያቃስት አንድ ማራገቢያ ያላት ጠባብ ክፍል ናት። የአውሮፕላን ቲኬት ይሸጥባታል። ወደ ብዙ አገር የሚሄድ ሰው ይመጣ ነበር፤ ከሁሉ የሚበዛው ግን ወደ አንዲት ሞቃት ደሴት የሚሄደው ነው። በዚያች ደሴት ጫካ ውስጥ በሌላ በየትም ምድር የማይገኝ የጦጣ ዘመድ የሆነ እንስሳ አለ። ቁመቱ የሦስት ዓመት ሕፃን ያህል ነው፤ ጠጉሩ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ከዛፍ ዛፍ ይወረወራል። ማለዳ ላይ ደግሞ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይዘፍናል። መዝፈን ነው፣ ሌላ ቃል የለውም።

አክስቴ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ወደዚያ የሚሄደውን ሰው ስትመክር ኖረች። ምክሩን ከመጽሐፍ አላገኘችውም። ከደሴቱ የተመለሰን ሰው ሁሉ ወንበር ስባ ታስቀምጥና «ምኑ ቆጨህ?» ትለዋለች። የቆጨውን በደብተር ትይዛለች፤ ለሚቀጥለው መንገደኛ ትነግራለች። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ እሷ ዘንድ ስለማመሽ፣ ቃል በቃል ሸምድጄው ነበር።

«ስሚኝ የኔ ልጅ» ትላለች ለአንዷ። «የወባውን ክኒን ከመሄድሽ ከሳምንት በፊት ጀምሪ፤ እዚያ ደርሰሽ አይደለም። ወደ ውስጥ የምትወስድሽ ትንሿ አውሮፕላን አሥራ አምስት ኪሎ ብቻ ነው የምትፈቅድልሽ። እንደ ሣጥን የደረቀ ሻንጣ ተዪው፣ የሚተጣጠፍ ቦርሳ ያዢ። ሱሪሽን ካልሲሽ ውስጥ ክተቺ፤ አልቅት ከታች ነው የሚወጣው። ሽቶ እንዳትቀቢ፣ ትንኙ ሰርግ የተጠራ ይመስለዋል። ካሜራሽን በላስቲክ ጠቅልይ። እንስሳውን አታብዪ፣ አትንኪ። ከሰዓት በኋላ ዶፍ ነው፤ ጫካ የሚገባው በማለዳ ነው። ማለዳም ቢሆን ዛፉ ራሱ ሲያንጠባጥብ ያረፍዳል። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ወፍራሙን የላስቲክ የዝናብ ልብስ እንዳትረሺ!»

በጎረቤቷ ያለው ባለሱቅ ያንን ብጫ የዝናብ ልብስ በእሷ ምክር ብቻ ነበር የሚሸጠው። «እትዬ፣ አንቺ ጡረታ የወጣሽ ቀን እኔም ሱቄን እዘጋለሁ» ይላት ነበር።

እሷ ራሷ ግን ደሴቱን አይታ አታውቅም። መሥሪያ ቤቷ በየዓመቱ አንድ ነጻ ቲኬት ይሰጣታል፤ በየዓመቱም አንድ ነገር ይመጣል። አያቴ አልጋ ላይ ዋለች፤ አሥራ አንድ ዓመት አስታመመቻት። ከዚያ የአባቴ ሕመም መጣ፣ ከዚያ የእኔ ምረቃ። እንዲህ እንዲህ ሲል የጡረታዋ ዓመት ደረሰ። የመጨረሻውን ቲኬት ለሁለት ሰው አድርገው ሰጧት። የዚያን ቀን እኛ ቤት መጥታ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አብረን እንሄዳለን» አለችኝ። «በዓይኔ ሳላያቸው ጡረታ ከወጣሁ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ስዋሽ ነው የኖርኩት ማለት ነው።»

ደሴት ሲባል በልጅነቴ የማውቀው በንባብ መጽሐፌ ላይ የነበረውን ሥዕል ነበር፤ በሰማያዊ ውኃ መካከል የቆመ አንድ ዘንባባ። እና ከመሄዳችን በፊት ያለውን ሳምንት እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም። አክስቴማ ቦርሳዋን ሰባት ጊዜ ፈትታ ሰባት ጊዜ አሰረችው።

ትንሿ አውሮፕላን ላይ ስንወጣ እጄን ያዘችኝና እስክንወርድ አልለቀቀችኝም።

«አንቺ ልጅ፣ ክንፉ ይወዛወዛል!»

«መወዛወዝ አለበት፣ እትዬ።»

«ማን ነው አለበት ያለው? ቲኬቱ ላይ እንዲህ የሚል የለም!»

ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ሰውዬ ሳቃቸውን ማፈን አቃታቸው። በሩ ሲከፈት ሙቀቱ እንደ ፈላ ማንቆርቆሪያ ፊታችን ላይ ተነፈሰብን። አክስቴ ደረጃው ላይ ቆማ አየሩን በአፍንጫዋ ሳበችና «እርጥብ ቅጠል ይሸታል! በቃ እርጥብ ቅጠል ነው የሚሸተው!» ብላ እንደ ሕፃን አጨበጨበች።

ያለን ጊዜ ሦስት ማለዳ ብቻ ነበር። አውሮፕላኗ በሳምንት ሁለቴ ነው የምትመጣው፤ በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ መመለስ አለብን። ጫካ የሚያስገባን መንገድ መሪ ቀጭን፣ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ባልደረቦቹ «ጆሮ» የሚሉት ሰው ነበር። ቅጠል ሲወድቅ ከየትኛው ዛፍ እንደወደቀ ያውቃል ይባላል።

በመጀመሪያው ማለዳ ብጫ ልብሳችንን ለብሰን ገባን። ጥፍሬን የምታክል እስስት ቅጠል ላይ አየን። አክስቴ «ኧረ በእግዜር! ይቺ ደግሞ ዓይን አላት!» እያለች አጎንብሳ ቀረች። ከሩቅ፣ ከኮረብታው ማዶ ዘፈኑን ሰማን፤ ወዲያው ግን ራቀ። ጆሮ እየመራን ሮጥን፣ ወጣን፣ ወረድን። አንድም አላየንም። ሁለተኛውም ማለዳ እንደዚያው አለፈ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዶፉ ሲወርድ፣ በማረፊያችን በረንዳ ላይ ሻይ ይዘን ተቀመጥን። አክስቴ ሻይዋን አልነካችውም። ጆሮ ባርኔጣውን እያራገፈ ሲያልፍ ጠራችውና ወንበር ሳበችለት።

«ወንድሜ፣ ሰው መምከር ሥራዬ ነው። ደብቀህ አታስቀርብኝ። ምኑ ላይ ነው ያጠፋነው?»

«ምንም አላጠፋችሁም እማማ፤ ዕድል ነው።»

«ዕድል አትበለኝ። አንተ ነገርን ለዕድል የምትተው ሰው እንዳልሆንክ ሁለት ቀን ሙሉ አይቼሃለሁ።»

ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዟዟረው። «አይቀየሙኝም?»

«ተናገር!»

«የዝናብ ልብሱ ነው። ከእናንተ ከተማ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ይቺን ብጫ ለብሶ ነው የሚመጣ። ሲራመድ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል። እነሱ ገና ከጫካው በር ሲሰሙት ወደ ኮረብታው ጀርባ ይሻገራሉ። እኛ መሪዎቹ ስም እንኳ አውጥተንላችኋል።»

«ምን ብላችሁ?»

«ኮሽኮሾች።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። አክስቴ አልሳቀችም።

«ታዲያ ለምን አትነግሩም?»

«እንግዳን ልብስህን አውልቅ ይባላል እንዴ? ብርድ ቢመታው ማን ሊጠየቅ?»

«የሚመለሱትስ? ምኑ ቆጫችሁ ስላቸው፣ ‹የዝናብ ልብሱ ነው ያዳነን› ነው የሚሉኝ! ሁሉም!»

«እውነታቸውን ነው እማማ» አለ ጆሮ። «አልረጠቡም።»

ፊቷን ወደ ዝናቡ አዞረች። «ስንቱን ሰው ባሕር አሻግሬ ሳያያቸው አስቀረሁት!» አለች።

«ድምፁን ሰምተዋል እኮ እትዬ» አልኳት ላጽናናት።

«ድምፅ ለመስማትማ ቴፕ አለ።»

በሦስተኛው ማለዳ ወደ አውሮፕላኗ የሚያደርሰን መኪና በሦስት ሰዓት ሊወስደን ቀጠሮ ነበረው። ወገግ ሲል ወጣሁ። አክስቴ በጥጥ ሹራብና በጥጥ ሱሪ ብቻ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። እኔም ብጫዬን አልጋዬ ላይ ጥዬ ተከተልኳት። ጫካው ያንጠባጥባል። አሥር ደቂቃ ሳንሄድ ውኃው በአንገቴ ገብቶ በእግሬ ወጣ። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ጫካውን ሰማሁት፤ ጠብታውን፣ ወፉን፣ የራሴን ትንፋሽ ሳይቀር። ጆሮ በእጁ ቁጭ በሉ አለን። እርጥብ ግንድ ላይ ቁጭ አልን።

አልቅት በአክስቴ ክንድ ላይ ሲሳብ አየሁት። እሷም አየችው። በቢሮዋ በረሮ ስታይ ወንበር ላይ የምትወጣ ሴት፣ ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ እስኪጠግብ ተወችው።

ከዚያ ዘፈኑ ከራሳችን በላይ ተነሣ።

መጀመሪያ አንዱ ብቻውን ነበር፤ ረጅም፣ እንደ መለከት የሚወጣ፣ ወደ ላይ እየሳበ የሚሄድ ድምፅ። ሁለተኛው ተቀበለው። ሦስተኛው ገባ። ደረቴ ውስጥ አጥንቴ ሲነዝር ተሰማኝ። ቅርንጫፉ ተወዛወዘና አንድ ጥቁርና ነጭ ነገር በሰማዩ ላይ ተወረወረ፤ ሌላው ተከተለ። እናቲቱ ልጇን ሆዷ ላይ አጣብቃ፣ ከእኛ አራት ክንድ በማይበልጥ ቅርንጫፍ ላይ ወርዳ ተቀመጠች። ብጫ ዓይኖቿን ክብ አድርጋ አክስቴን ተመለከተቻት። አክስቴም እሷን። ማን ማንን ለማየት አገር አቋርጦ እንደመጣ ለማያውቅ ሰው፣ ሁለቱም እኩል የተደነቁ ይመስሉ ነበር።

ጆሮ ሰዓቱን አየና በጆሮዋ አንሾካሾከ። «እማማ፣ የመኪናው ሰዓት ደርሷል።»

«ይሂድ።»

«አውሮፕላኗም ትሄዳለች እኮ!»

«እሷም ትሂድ።»

እኔ ጠጋ አልኩ። «እትዬ፣ የሚቀጥለው ከአራት ቀን በኋላ ነው!»

ዓይኗን ከቅርንጫፉ ላይ አልነቀለችም። ሳቋን በአንድ እጇ አፍና፣ በሌላው እጇ አራት ጣቶቿን ወደ እኔ ዘርግታ፣ ሌላ አራት ማለዳ፣ ልክ ነው ወይ በሚል አኳኋን ነቀነቀቻቸው።