የተጠባባቂዎቹ ድንጋይ

የኮሌጁ የእግር ኳስ ቡድን ይቀጥል ወይስ ይፍረስ የሚለውን ሊገመግም የመጣው ሰውዬ አሰልጣኝ ይሻውን ግራ አጋብቶታል። ስለ ተጫዋቾቹ፣ ስለ በጀቱ፣ ስለ ልጆቹ የትምህርት ውጤት ሲነገረው ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ሜዳ ሲወርዱ ግን፣ "ተጠባባቂዎች የት ነው የሚቀመጡት?" ሲል ጠየቀ።

ይሻው ከመስመሩ ዳር ያለውን ረጅም ድንጋይ አሳየው። ሰውየው በዚያ በተተኮሰ ሱሪው ሄዶ ከልጆቹ ጎን ቁጭ አለ። ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል።

"ጌታዬ፣ ወንበር ላስመጣልዎት?"

"ይተዉት፣ ለምጄዋለሁ።"

ይሻው ነገሩ አልገባውም። ሰውየው ደብረ ታቦርን የረገጠው ገና ትናንት ነው።

የልምምድ ጨዋታው ሊያበቃ ሲል ይሻው ተጫዋች ሊቀይር ወደ ድንጋዩ ዞሮ እጁን አነሳ። ከልጆቹ ሁሉ ቀድሞ ሰውየው ብድግ ብሎ የኮቱን ቁልፍ መፍታት ጀምሮ ነበር።