ለቅሶ ቤት ደረሰኝ ፍለጋ

ዛሬ ቱላ ሰፈር ለቅሶ ቤት ገባሁ፤ የሟችን ሚስት ደረሰኝ ልጠይቅ።

ሟቹ ኮንትራክተር ነበሩ፤ የሕንፃቸውን ሴራሚክ ያነጠፍኩት እኔ ነኝ። ከክፍያዬ ላይ ግብር ቆርጠዋል። የቆረጡበትን ደረሰኝ ካላቀረብኩ ግብር ቢሮ አይመልስልኝም፤ ቀኑም ነገ ያበቃል።

ስልኬን አላነሳ ሲሉኝ ወር ሙሉ «ሸሹኝ» እያልኩ ስረግማቸው ከረምኩ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት እትዬ» ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ የቀረበልኝን ንፍሮ መቆርጠም ጀመርኩ።

እሳቸው ግን ከነጠላቸው ስር ፌስታል አወጡ። «ስምህ ማን ነው ልጄ? ሆስፒታል ተኝቶ የሁላችሁንም ደረሰኝ ፈርሞ ጨርሷል። ከጠዋት ጀምሮ አራተኛው ነህ።»

እንዲህ አፍራችሁ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። በተለይ ከእኔ በፊት የሄዳችሁት ሦስታችሁ፦ ቀብሩ ላይ ነበራችሁ? እኔ ግብር ቢሮ ሰልፍ ላይ ነበርኩ።